የፍጥነት ካሜራና የባለሚዛኑ ደመወዝ

በካናዳ ከሚገኙት ክፍላተ ሀገር በሕዝብ ብዛት ቀዳሚ የሆነችው ኦንታርዮ፣ የመኪናን ፍጥነት እየለኩ ፎቶግራፍ የሚያነሡትን አውቶማቲክ ካሜራዎች ከኖቬምበር 14 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ከልክላለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የክፍለ ሀገሩ መሪ፣ ካሜራዎቹ ከሕዝብ ኪስ ገንዘብ መንጠቂያ ናቸው እያሉ ሲናገሩ ቈይተው ሕጉን በምክር ቤት አስወስነዋል፤ በካሜራዎቹም ፈንታ የመንገድ ጕብታ፣ አደባባይና ትልልቅ የማስጠንቀቂያ ምልክት ለሚሠሩ ከተሞች ገንዘብ እንደሚሰጥ አስታውቀዋል። የክፍለ ሀገሩ የፖሊስ አዛዦች ማኅበርና ብዙ ከንቲባዎች ግን በውሳኔው ሳይስማሙ ቀርተዋል።

ላለመስማማታቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው። ሕጉ ከመውጣቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በጁላይ 2025 የታተመ አንድ የሐኪሞች ጥናት፣ በቶሮንቶ ከተማ በ250 የትምህርት ቤት አካባቢዎች ካሜራ ከተተከለ በኋላ ከወሰኑ በላይ የሚነዱት መኪናዎች በ45 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቶ ነበር። እንግዲህ ካሜራው የተሻረው ሥራውን ሳይሠራ ቀርቶ ነው ለማለት አይቻልም። ሥራውን እየሠራ ሳለ የሕዝብን እምነት አጥቷል። በቶሮንቶ ፓርክሳይድ በሚባለው መንገድ ላይ የቆመው አንዱ ካሜራ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሰባት ጊዜ ተቈርጦ ወድቋል፤ በዲሴምበር 2024 የቈረጡት ሰዎች ጐትተው በአጠገቡ ባለው መናፈሻ የዳክዬ ኩሬ ውስጥ ጥለውት ተገኝቷል። በዚያው መንገድ ላይ በ2021 ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት በመኪናቸው ተቀምጠው ሳሉ ከኋላ በፍጥነት በመጣ መኪና ተገጭተው ሞተዋል፤ ካሜራውም የተተከለው ከዚያ በኋላ ነበር። የሚያድን ዕቃ ይህን ያህል ሲጠላ ምክንያቱን መመርመር ተገቢ ነው።

ነጋዴ ይህን ጕዳይ ከሌላው ሰው ይልቅ ቶሎ ያስተውለዋል። ቡና ላኪው ከአቅራቢው ሲረከብ፣ ባለሱቁም ስኳር ሲሰፍር፣ በመካከላቸው ያለው ዳኛ ሚዛን ነው። ሚዛኑ እጅግ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሚዛኑን የያዘው ሰው ደመወዙ ሚዛኑ በሚያሳየው ቍጥር ልክ የሚጨምር መሆኑ ከታወቀ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሚዛን የሚመዘን ሰው አይገኝም፤ ቢገኝም እያጕረመረመ ነው። ስለ ፍጥነት ካሜራ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያተኵረው በመሣሪያው ላይ ነው። ክርክሩ ይበልጥ ሊያተኵርበት የሚገባው ግን የባለሚዛኑ ደመወዝ ነው።

አስቀድሞ ፍጥነት ራሱ ይህን ያህል ጥበቃ የሚያሻው መሆኑን ለማወቅ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ሁለት መኪናዎች ጐን ለጐን ሲሄዱ አንደኛው በሰዓት 50፣ ሁለተኛው በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይነዳል ቢባል፣ ከፊታቸው ሕፃን ብቅ ሲል ሾፌሮቹ አይተው ፍሬን እስኪረግጡ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በዚያች ሰከንድ የመጀመሪያው 14 ሜትር፣ ሁለተኛው ከ19 ሜትር በላይ ተጕዟል። መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደኅና ከሆነ፣ የመጀመሪያው መኪና 28 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ሁለተኛው በዚያው ስፍራ ሲደርስ ገና በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ነው። አንደኛው ሕፃኑን ሳይነካ ቆመ፤ ሁለተኛው፣ ፍሬን ረግጦም እንኳ፣ የመጀመሪያው ፍሬን ከመርገጡ በፊት ይነዳ ከነበረው በሚበልጥ ፍጥነት ገጨው።

በዚህ ፈንታ የሚገኘው ትርፍ ምንድን ነው? በከተማ ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ በ50 የሚነዳው 24 ደቂቃ፣ በ70 የሚነዳው 17 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ትርፉ 7 ደቂቃ ያህል ነው፤ እሱም በየመብራቱ ላይ ያልቃል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አማካይ ፍጥነቱን ከ60 ወደ 70 ከፍ ያደረገ ባለካሚዮን ሁለት ሰዓት ይቈጥባል። ጭነቱ በወደብና በጉምሩክ በር ተራ ሲጠብቅ የሚያሳልፈውን ቀን የሚያውቅ ነጋዴ ይህች ሁለት ሰዓት ምን ያህል እንደምትመዝን ያውቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውም፣ ከተገለበጠ የጭነት መኪና አጠገብ የተበተነ ቡና ወደ ጆንያ ሲለቀም ላየ ሰው፣ ተረትነቱ ይቀራል።

ካሜራ ይህን ፍጥነት ይቀንሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎን ነው፤ ነገር ግን ደጋፊዎቹ የሚሉትን ያህል አይደለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ማኅበር በ2010 ባወጣው ጽሑፍ 35 ምርመራዎችን አንድ ላይ መዝኖ፣ በካሜራ አካባቢ የአደጋው ብዛት ከ8 እስከ 49 በመቶ፣ ሞትና ከባድ የአካል ጕዳት ያስከተለው አደጋ ደግሞ ከ11 እስከ 44 በመቶ መቀነሱን ገልጿል። በዚያውም ላይ የምርመራዎቹ ጥራት ከመካከለኛ የማይበልጥ መሆኑን አልሸሸገም።

እዚህ ላይ ሒሳብ የሚያውቅ አንባቢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ2005 በእንግሊዝ አገር የታተመው የአራት ዓመት ሪፖርት፣ ካሜራ በተተከለባቸው ስፍራዎች የሞቱና በብርቱ የቈሰሉ ሰዎች ቍጥር በ42 በመቶ ቀነሰ ብሎ ነበር። ካሜራ የሚተከለው ግን ብዙ አደጋ በደረሰበት ስፍራ ነው። ክፉ ዘመን ያለፈበት ስፍራ፣ ምንም ባይደረግለት እንኳ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ወትሮው መመለሱ የተለመደ ነው። በአንድ ወር ባልታሰበ ዕድል እጥፍ የሸጠ ባለሱቅ፣ በሚቀጥለው ወር ገበያው ወደ ወትሮው ቢመለስበት፣ በመካከሉ የቀጠረውን አዲስ ሻጭ ሊያባርር አይገባውም፤ የከሰረበት ወር አልፎ ገበያው ሲቃናም እንዲሁ ለሻጩ ሽልማት ሊሰጥ አይገባውም። ሪፖርቱ ራሱ በአባሪው ይህን ነጥብ አንሥቶ ነበር፤ ነገር ግን አባሪ የሚያነብ ጥቂት ስለሆነ፣ በሕዝብ ዘንድ የቀረው 42 በመቶ የሚለው ቍጥር ብቻ ነው። ከዚህ ቍጥር ላይ የዕድሉ ድርሻ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቅም ያንሳል፤ ሆኖም ይተርፋል።

ካሜራው ባለበት ስፍራ ቀንሶ እንዳለፈ የሚፈተለክ ሾፌርም አለ። ለእርሱ የተገኘው መድኃኒት በመንገዱ መጀመሪያና መጨረሻ ሁለት ካሜራ ተክሎ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በወሰደው ጊዜ አካፍሎ አማካይ ፍጥነቱን ማውጣት ነው። ይህ ዘዴ ራዳር አያስፈልገውም፤ ሁለት ትክክለኛ ሰዓትና አንድ የተለካ መንገድ ይበቃዋል። ለረጅም የጭነት መንገድ ከሁሉ የተሻለው እርሱ ነው።

ስለ መሣሪያው አመጣጥ ጥቂት ማለት ለጕዳዩ ይጠቅማል። የፍጥነት ካሜራ አባት የሚባለው ሞሪስ ጋትሶኒደስ የተባለ የሆላንድ ሰው ሲሆን፣ በ1953 የሞንቴ ካርሎን የመኪና ውድድር ያሸነፈ ነጂ ነበረ። መለኪያውን መጀመሪያ ያበጀው በመታጠፊያ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ ከዚያ የበለጠ ለመፍጠን ነው፤ ሌላውን ለማስቀጣት መዋሉ በኋላ የመጣ ነው። በ1958 ያቋቋመው ኩባንያ የሠራው ካሜራ በእንግሊዝ አገር በ1992 በለንደን ምዕራብ ተተከለ። ይህ ካሜራ ፍጥነቱን በራዳር ከለካ በኋላ በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ሁለት ፎቶግራፍ ያነሣል። በአስፋልቱ ላይ ደግሞ በእኩል ርቀት የተቀቡ ነጭ መስመሮች አሉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ 7 ሜትር ያህል፣ በ80 የሚሄድ ደግሞ 11 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ተከሳሹ ሁለቱን ፎቶግራፎች አስተያይቶ መኪናው ስንት መስመር እንዳለፈ ቢቈጥር፣ ራዳሩ እውነት ተናግሮ እንደሆነ ያለ ምንም መሐንዲስ ርዳታ ሊያውቅ ይችላል። ለገዢው ፊቱን አዙሮ እንደተቀመጠ ሚዛን ነው። በጊዜ ብዛት ብዙ የረቀቁ መሣሪያዎች ተሠርተዋል፤ ከነጩ መስመር የሚበልጥ ብልሃት ግን በውስጣቸው አይገኝም።

ይህ ማስረጃ ምን ያህል እንደሚጠቅም የታየው በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት በምትገኘው በባልቲሞር ነው። ባልቲሞር ትልቅ ወደብ ያላት የንግድ ከተማ ናት። በ2009 በወጣው የግዛቱ ሕግ መሠረት በትምህርት ቤቶች አካባቢ ካሜራ ተተከለ፤ መቀጮውም 40 ዶላር ሆነ። ካሜራዎቹን የሚያንቀሳቅሰው የግል ኩባንያ ነበረ፤ ዋጋውንም የሚቀበለው ከእያንዳንዱ የመቀጮ ወረቀት ድርሻ በመውሰድ ነበር። ከተማዋ አንዲት ዶላር ሳታወጣ ካሜራ አገኘች፤ ኩባንያውም ወረቀት በበዛ ቍጥር ገቢው በዛ። ለጊዜው ሁለቱም ወገን በውሉ ደስ ተሰኝተው ነበር።

በ2012 የከተማው ጋዜጣ የባልቲሞር ሰን ጸሐፊዎች ነገሩን መመርመር ጀመሩ። ከሁሉ ይልቅ መነጋገሪያ የሆነው ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ለነበረ መኪና የተላከው ወረቀት ነው። ወሰኑ በሰዓት 25 ማይል በሆነበት መንገድ በ38 ማይል፣ ይኸውም በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ ተገኝቷል ተብሎ ነበር የተከሰሰው። ካሜራው ራሱ ያነሣው ፊልም ግን መኪናው ንቅንቅ ሳይል ቆሞ ያሳያል። ወረቀቱን መርምሮ ትክክል ነው ብሎ የፈረመበት የፖሊስ ሹምም ነበረ። ሹሙ ስንት መቶ ወረቀት በአንድ ቀን እንዲፈርም ይጠበቅበት እንደነበረ መገመት አያዳግትም፤ የፊርማ ብዛት ምርመራን እንደሚገድል በማናቸውም ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ይልቁን የሚጠቅመው የቀረው የታሪኩ ክፍል ነው። ያለ ጥፋታቸው ወረቀት ከደረሳቸው መካከል የጭነት መኪናዎች ነበሩበት። ባለቤቶቹ ሁለቱን ፎቶግራፎችና የተነሡበትን ሰዓት ይዘው፣ መኪናው በመካከሉ የተጓዘውን ርቀት ለክተው ሲያሰሉት፣ እውነተኛው ፍጥነት ከተጻፈው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያውም በመጨረሻ፣ የራዳሩ ሞገድ በሌላ አካል ላይ ነጥሮ ሲመለስ ልኬቱን እንደሚያዛባ ገልጾ፣ በአምስት ካሜራዎች ላይ ከመቶ ከ5 በላይ ስሕተት መገኘቱን አመነ። በ2014 መጀመሪያ ላይ በጋዜጣ የወጣው፣ ከተማው ራሱ ያስጠናው ምርመራ ደግሞ ስሕተቱን ከመቶ ከ10 በላይ አድርጎታል። ከመቶ ጆንያ ዐሥሩን አሳስቶ የሚመዝን ሚዛን በየትኛው መጋዘን አንድ ቀን ያድራል?

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማንም አልበጀም። በ2013 መጀመሪያ ላይ ሥራው ለሌላ ኩባንያ ተሰጠ፤ እርሱም ወራት ሳይቈይ ስሕተት ስለተገኘበት በዚያው ዓመት በኤፕሪል ካሜራዎቹ ቆሙ። ከተማዋ እንደገና የጀመረችው በ2017 ነው። በመካከሉ ባለፉት አራት ዓመታት ያለ ካሜራ የቀሩት እነዚያ የትምህርት ቤት መንገዶች ናቸው፤ በዚያ የሚያልፉት ሕፃናት በውሉ ድርድር ላይ አልነበሩበትም።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በ2014 ሕጉን ሲያሻሽል ነገሩን ከሥሩ ይዞታል። የኩባንያው ክፍያ በወረቀት ብዛት እንዳይሰላ ከለከለ። ከዚያም አልፎ፣ በዓመት ውስጥ ከተላኩት ወረቀቶች ከመቶ ከ5 የሚበልጡት የተሳሳቱ ሆነው ቢገኙ፣ ኩባንያው ለተሳሳተው ወረቀት ከመቀጮው ከግማሽ የማያንስ ካሳ እንዲከፍል ደነገገ። በዚህ ዓይነት ድሮ ስሕተት ትርፍ ያስገኝ የነበረው ኪሳራ ሆነ። ሾፌሩ ሲሳሳት ይቀጣል፤ ባለካሜራውም ሲሳሳት ይቀጣል።

ካሜራን የሚደግፉ ሰዎች አንድ ብርቱ ክርክር አላቸው፤ እርሱም መሣሪያ ዘመድ አያውቅም፣ ባለሥልጣን አይፈራም፣ በመንገድ ዳር እጁን አይዘረጋም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጉቦ ከመንገድ ዳር ሲባረር ወደ ቢሮ የመግባት ልማድ አለው። በቺካጎ ከተማ፣ በቀይ መብራት የሚያልፉትን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ካሜራዎችን ለማቅረብ ውል የተዋዋለው ኩባንያ፣ የውሉን ሥራ ይቈጣጠር ለነበረው የከተማ ሹም ለብዙ ዓመታት ገንዘብና ልዩ ልዩ ስጦታ ሲያቀርብ መቈየቱ በፍርድ ቤት ተረጋግጦ፣ ሹሙ በ2016 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል፤ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረችውም ታስራለች። እነዚያ ካሜራዎች የሚጠብቁት መብራትን እንጂ ፍጥነትን አይደለም፤ ሆኖም ንግዱ አንድ ነው። አንድ ፖሊስ በመንገድ ላይ የሚቀበለው የአንዱን ሾፌር ገንዘብ ነው፤ በውል ላይ የሚከፈለው ጉቦ ግን በከተማው ሾፌሮች ሁሉ ኪስ የሚታሰብ ነው።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ሞክረው ነበር። ከ2000 እስከ 2007 ድረስ ፖሊስና የአካባቢ አስተዳደር በማኅበር ሆነው ለካሜራው ያወጡትን ወጪ ከመቀጮው እንዲያስመልሱ፣ ትርፉ ግን ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ ተደረገ። ለመትከያውም ስፍራ ወሰን አወጡለት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት የሞት ወይም የከባድ ጕዳት አደጋ ያልደረሰበት ቦታ ካሜራ አይተከልበትም ተባለ። ካሜራውም ከሩቅ እንዲታይ ቢጫ ቀለም እንዲቀባ ታዘዘ። ቢጫው ቀለም ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ሌባን ለመያዝ የቆመ ዘበኛ ደወል አንጠልጥሎ ይቆማል ወይ ያሉ ነበሩ። ነገር ግን የካሜራው ዓላማ መኪናው እንዲቀንስ ከሆነ፣ ሾፌሩ አይቶት ቢቀንስ ሥራው ተፈጸመ ማለት ነው። መሸሸግ የሚያስፈልገው መቀጮውን ለሚፈልግ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ሐሜቱ አልቀረም፤ በመጨረሻ መንግሥት በ2007 የካሜራውን ወጪ ከመቀጮው ገንዘብ ለይቶ በተለየ በጀት መስጠት ጀመረ። በ2009 ስዊንደን የተባለችው ከተማ ከማኅበሩ ወጥታ ለቋሚ ካሜራ የምትከፍለውን ገንዘብ ለሌላ የመንገድ ሥራ አዋለችው።

በፈረንሳይ አገር የሆነውን ለማንሣት ያህል፣ አውቶማቲክ ራዳር በ2003 ከገባ በኋላ በ2002 ከ7,000 በላይ የነበረው የመንገድ ሟች ቍጥር በ2010 ከ4,000 በታች ወርዷል፤ ለዚህ ውጤት ራዳሩ ብቻውን ባይመሰገንም ድርሻው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ በ2018 የፍጥነት ወሰን በገጠር መንገዶች ከ90 ወደ 80 ሲወርድ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው የተነሡት ሰልፈኞች ቍጣቸውን በራዳሮቹ ላይ አወረዱት። በጃንዋሪ 2019 የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ከመቶ ወደ 60 የሚጠጉት ራዳሮች ጕዳት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ገጠሬው በነዳጅ ቀረጥ ተቈጥቶ ሳለ በመንገዱ ላይ ያገኘው የግምጃ ቤቱ እጅ ያ ሣጥን ነበር።

አስመጪውንና ላኪውን ሁሉ የሚነካ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። ወረቀቱ የሚደርሰው ለማን ነው? በአሜሪካ በብዙ ከተሞችና በኦንታርዮም ካሜራዎቹ ሳይሻሩ ሳለ መቀጮው የሚላከው በታርጋው ለተመዘገበው ባለቤት ነበር፤ ማን እንደነዳ አይጠየቅም። በእንግሊዝ አገር ባለቤቱ የነዳውን ሰው ስም እንዲያስታውቅ ይገደዳል። በስዊድን ደግሞ ካሜራው የሾፌሩን ፊት ያነሣል፤ የሚቀጣው የነዳው ራሱ ነው። ዐሥር ካሚዮን ያለው ነጋዴ በመጀመሪያው ሥርዓት ከሆነ የሚተዳደረው፣ መቀጮው ከብዙ ሳምንት በኋላ በአንድ ፖስታ ታሽጎ ይመጣለታል፤ ሾፌሩም ያን ዕለት የት እንደነበረ ረስቶታል። መቀጮው እንደ ነዳጅና እንደ ጎማ ከወጪ መዝገብ ገብቶ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨመራል፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ገዢው ነው። ፍጥነቱም እንደነበረ ይኖራል። የስዊድኖቹ ሥርዓት አድካሚ ቢሆንም ቅጣቱን ከጥፋቱ ጋር የሚያገናኘው እርሱ ብቻ ነው።

ነገር ግን በዚህ ላይ ባለካሚዮኖችም ራሳቸውን ሊመረምሩ ይገባል። ሾፌሩን በወር ደመወዝ ሳይሆን በምልልስ ብዛት የሚከፍል ባለቤት፣ ባልቲሞር ከካሜራ ኩባንያው ጋር የተዋዋለችውን ውል ከሾፌሩ ጋር ተዋውሏል። ሾፌሩ ሲበር የሚያገኘውን ድርሻ ወስኖለት ሲያበቃ በመሪው ላይ ቀስ በል የሚል ጽሑፍ ቢለጥፍለት አይሰማውም።

በኢትዮጵያ በየዓመቱ በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው በሺህ የሚቈጠር ነው። ፍጥነትን የሚለካ ራዳርም በትራፊክ ፖሊስ እጅ ሲሠራበት ቈይቷል፤ ራዳሩን ከሰው እጅ አውጥቶ በምሰሶ ላይ መትከል እንግዳ ነገር አይሆንም። እንዲህ ያለው ሥራ በሰፊው ሲታሰብ፣ የንግዱ ማኅበር ካሜራ ይቅር ብሎ ቢቃወም መንገዱን ለሚያሳድዱት ብቻ ይጠቅማል። መቃወም የሚገባው በድርሻ የሚከፈለውን ውል ነው። ባለካሜራው ካሜራው ቢያነሣም ባያነሣም በወር የተወሰነ ኪራይ ይቀበል፤ መሣሪያውን በየጊዜው የሚፈትነው ከሻጩም ከመቀጮው ተቀባይም የተለየ የልክ መርማሪ ይሁን፤ ከወረቀቱ ጋር ሁለቱ ፎቶግራፎችና ሰዓታቸው ይላኩ፤ መስመሩም በአስፋልቱ ላይ ይቀባ። የተቀጣው ሰው ከከፈለ በኋላ ሳይሆን ከመክፈሉ በፊት የሚያመለክትበት መስኮትም ይኑር። ቀለሙ ቢጫ ቢሆን ወጪው የአንድ ቆርቆሮ ቀለም ነው።

ይህን ማለት ለአንዳንድ የምክር ቤቱ አባላት ደስ ላይላቸው ይችላል። መሣሪያውን ከውጭ አስመጥተው ለጨረታ የሚቀርቡት ነጋዴዎች ናቸውና፣ ከእነሱም መካከል ያለ ምንም ክፍያ እንተክላለን፣ ከመቀጮው ግን ይህን ያህል ይድረሰን የሚል አይጠፋም። ማዘጋጃ ቤቱም በጀት ሲያጥረው ይህ ዋጋ ከሁሉ ርካሽ መስሎ ይታየዋል፤ ለባልቲሞርም እንደዚያው መስሎ ነበር። ሕጉ በወጣ በአምስተኛው ዓመት የሜሪላንድ ምክር ቤት ያን የአከፋፈል አንቀጽ ሲያርም፣ ካሜራዎቹ ቆመው ዓመት ሊሞላቸው ነበር።